በስርቆት የተጠረጠረ ሰው መብት እና የእኛ ኃላፊነት



ዐሥርቱን ትእዛዛት በየቁምስናችን ስናስተምር ሰባተኛውን፣ ይኸውም ስርቆትን የሚከለክለውን ትእዛዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምናስረዳው እጁን ወደ ሌላው ንብረት የሚሰድደውን ሰው እያሰብን ነው። ስምንተኛውን፣ የሐሰት ምስክርነትን የሚከለክለውን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለብቻው እናስተምረዋለን። በሁለቱ ሳምንታት መካከል ግን የዘነጋነው አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ሰረቀ ተብሎ የተያዘ፣ ገና ያልተፈረደበት ሰው ነው። ሰርቆ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ይህ ሰው በአገራችን ሕግ ምን መብት አለው? ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱና ቁምስናው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ምን ሊያደርጉለት፣ ምንስ ከማድረግ ሊቆጠቡ ይገባል? በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህንን ነው። የምንጽፈው የጠበቃን ምክር ለመተካት ሳይሆን፣ ጠበቃ እስኪገኝ ድረስ ባለው ጊዜ ምእመኑ በጨለማ እንዳይቆይ ነው።

በጉለሌ ይህ ጥያቄ ከሕይወት የራቀ አይደለም። በበዓል ዋዜማ በሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ተራ ወይም በአዲሱ ገበያ ግፊያ መካከል «ሌባ! ያዘው!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። የጮኸው ማን እንደ ሆነ፣ የጠፋው ምን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ እጅ ይነሣል። የሮጠ ሁሉ ሌባ ይመስላል፤ አንዳንዱ ግን የሚሮጠው ዱላውን ፈርቶ ነው።

ነገሩን ለመረዳት እንዲያመቸን ሁለት ምሳሌዎችን በሐሳባችን እንያዝ። አንደኛው ከጋሞ ደጋ ወደ ሽሮ ሜዳ መጥቶ በሸማ ሥራ የተሰማራ ወጣት ነው፤ አማርኛው ገና አልጠነከረም፤ ለባለ ሱቅ ያስረከበው ነጠላ ሲቆጠር ሁለት ጎደለ ተባለ። ሁለተኛዋ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የ17 ዓመት ልጅ ናት፤ የእመቤቲቱ የወርቅ ቀለበት ጠፋ፤ በቤቱ ውስጥ የባዕድ ልጅ እርሷ ብቻ በመሆኗ ጥርጣሬው በእርሷ ላይ ወደቀ። ጥርጣሬ ምንጊዜም ዘመድ ወደሌለው ሰው ማዘንበል ይቀናዋል፤ ከማስረጃው ይልቅ የሰውየውን እንግድነት ይመለከታልና።

ከሌባሻይ እስከ ሕገ መንግሥት

እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአገራችን ሌባ ከሚፈለግባቸው መንገዶች አንዱ ሌባሻይ ነበር። ለአንድ ልጅ አእምሮን የሚያስት መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሰዎች ይከተሉታል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን እንዲከፍል ይገደድ ነበር። ያ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ምስክር የለም፤ ማስረጃ የለም፤ ራሱን ስቶ የወደቀውን ልጅ መስቀለኛ ጥያቄ መጠየቅ አይቻልም። በገጠሩ ደግሞ አውጫጭኝ ነበረ፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። አውጫጭኝ ቢያንስ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገርበት በመሆኑ ከሌባሻይ ይሻላል፤ ሆኖም ወደ እርሻው መመለስ የቸኮለ ጉባኤ ጠበቃ የሌለውን አንድ ደካማ አውጥቶ ለመስጠት ምን ያህል እንደሚፈተን ማሰብ አያዳግትም።

ይሁን እንጂ አባቶቻችን ሌላም ነገር አውርሰውናል። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው እግሩን አንሥቶ አይሄድም ነበር፤ መንገደኛ እንኳ በተጣሉ ሰዎች መካከል ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው አባባል የሚነግረን፣ ኢትዮጵያዊ ከንብረቱ ማነስና መብዛት ይልቅ የተወሰደበትን መንገድ አጥብቆ ይመዝን እንደ ነበር ነው። ንብረቱን ያጣው ባለ ሱቅም፣ ነጻነቱን ያጣው ሸማኔም ይህንኑ ቃል መጥራት ይችላሉ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ከአንቀጽ 17 እስከ 21 ስለተያዘ፣ ስለተከሰሰና በጥበቃ ሥር ስላለ ሰው መብት ይደነግጋል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እነዚህን አምስት አንቀጾች ከነትርጉማቸው እንዲያውቋቸው አጥብቀን እንመክራለን። ሕገ መንግሥቱ በቀላሉ የሚገኝ መጽሐፍ ነው፤ በቁምስናው ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ ቢኖር መልካም ነው።

ስርቆት በሕግና በሥነ ምግባር

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 እንደሚደነግገው፣ ስርቆት ማለት የማይገባ ብልጽግናን ለራስ ለማግኘት ወይም ለሌላ ለማስገኘት በማሰብ የሌላውን ተንቀሳቃሽ ንብረት መውሰድ ነው። ቅጣቱ ቀላል እስራት ሲሆን፣ እንደ ነገሩ ከባድነት እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ሊሆን ይችላል። ከባድ ስርቆት የሚባለው ለብቻው ከፍ ያለ ቅጣት ተወስኖለታል። ዋጋው እጅግ አነስተኛ የሆነ ነገር ለጊዜያዊ ችግር ሲወሰድ ግን ሕጉ በደንብ መተላለፍ ደረጃ የሚያይበት ቦታ አለው።

ከዚህ ትርጉም ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባው «በማሰብ» የሚለው ነው። ሐሳብ ከሌለ ስርቆት የለም። በቁጥር ስሕተት ሁለት ነጠላ ማጉደል፣ የሌላውን ዕቃ የራስ መስሎ መያዝ፣ ለሚያጥበው ሰው በልብስ ኪስ የተረሳ ገንዘብ መገኘቱ፣ እነዚህ ሁሉ ማብራሪያ የሚሹ ነገሮች ናቸው እንጂ በራሳቸው ስርቆት አይደሉም።

እጅ ከፍንጅ መያዝ እንኳ የነገሩ መጨረሻ እንዳልሆነ ቅዱስ መጽሐፍ ያስተምረናል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 44 የዮሴፍ የብር ጽዋ በብንያም ጆንያ ውስጥ ተገኘ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ወንድሞቹም በራሳቸው ንጽሕና ተማምነው፣ ጽዋው የተገኘበት ሰው ይሙት ብለው አስቀድመው ፈርደው ነበር። ብንያም ግን ንጹሕ ነበረ፤ ጽዋውን ያስገባው የቤቱ አዛዥ ነው። በቤት ሠራተኛዋ ሻንጣ ውስጥ ቀለበት ተገኘ ሲባል ይህን ምዕራፍ እናስታውስ። ቀለበቱ መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ ማን እንዳስገባው ሌላ ነገር ነው።

ስለ ረሃብተኛ ደግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በሱማ ቴዎሎጂካ፣ የሕይወት አደጋ በግልጽ ሲቀርብና ሌላ መንገድ ሲጠፋ፣ ለመትረፍ የሚያስፈልገውን ከሌላው ንብረት መውሰድ በእውነቱ ስርቆት አይባልም ብሏል። የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2408 ይህንኑ ሐሳብ ይዟል። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 75 ስለ አስገዳጅ ችግር ይናገራል። ነገር ግን ይህ በር ጠባብ ነው፤ አደጋው እውነተኛና የቅርብ መሆኑን የሚመዝነው ፍርድ ቤት እንጂ ራሱ ወሳጁ አይደለም። ለወጣቶች ስናስተምር «የተራበ ይውሰድ» ብለን እንዳናሳጥረው።

የመጀመሪያው ሰዓት

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንኛውም ግለሰብ ሊይዘው እንደሚችል ሲፈቅድ፣ ወዲያውኑ ለፖሊስ እንዲያስረክበውም ያዝዛል። ስለዚህ የባለ ሱቁ መብት መያዝና ማስረከብ ነው። በመጋዘን ቆልፎ ማሳደር፣ ልብስ አስወልቆ መፈተሽ፣ መደብደብ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ መለጠፍ ግን በየትኛውም ሕግ አልተሰጠውም፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ራሱ ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል። ፖሊስ እንኳ ሴትን በሴት ፖሊስ ብቻ እንዲያስፈትሽ ነው የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ያዘዘው። ቤት ለመበርበርም የፍርድ ቤት ፈቃድ መያዝ መሠረታዊው ደንብ ነው።

ተጠርጣሪው በዚህ ሰዓት ሊያደርገው የሚገባው ጥቂት ነገር ነው፤ ጥቂት ቢሆንም ዋጋው ከፍ ያለ ነው። አይሩጥ፤ አይማታ፤ አይሳደብ። «ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ» ይበል። የግዢ ደረሰኝ ካለው ይያዝ፤ አጠገቡ የነበሩትን ሰዎች ስም ይጠይቅ። ከሁሉም በላይ ያላነበበውን ወይም ያልተረዳውን ወረቀት አይፈርም። በየሱቁ «ጥፋቴን አምኛለሁ፣ ይህን ያህል እከፍላለሁ» የሚል ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ሰውን ማስፈረም የተለመደ ሆኗል። የደነገጠ ሰው ለመገላገል ሲል ይፈርማል፤ ያው ወረቀት ከሳምንት በኋላ በፖሊስ መዝገብ ውስጥ ይገኛል።

በአጠገቡ ያለፈው ክርስቲያንስ? ሕዝቡ ሲደበድብ ቆሞ መመልከት ከኃጢአቱ ድርሻ ነጻ አያደርግም። አንድ ደፋር ሰው «በሕግ አምላክ፣ ለፖሊስ ይሰጥ» ብሎ በመካከል ሲገባ ስንት እጅ እንደሚወርድ ያየ ያውቀዋል። ኒቆዲሞስ በአይሁድ ሸንጎ የተናገረው ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ሰውየው ሳይሰማና ያደረገው ሳይታወቅ ሕጋችን ይፈርዳልን? ብሎ ነበር የጠየቀው (ዮሐ. 7)። ስለዚህም ተሰድቧል።

በጣቢያ

የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። የሸማኔው ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። ጋምኛ ብቻ አጥርቶ የሚናገር ወጣት «አዎን» ያለው ጥያቄው ስለገባው ነው ወይስ ፖሊሱን ስላከበረ? ትሑት የገጠር ልጅ ለትልቅ ሰው ሁሉ «አዎን ጌታዬ» ማለት ልማዱ ነው፤ በምርመራ መዝገብ ላይ ግን ይህ ቃል ሌላ ነገር ይሆናል። በቁምስናው ቋንቋውን የሚያውቅ ምእመን ካለ ወደ ጣቢያው መሄዱ ከትልልቅ የምሕረት ሥራዎች አንዱ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ መንግሥት በራሱ ወጪ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ቀጥሎ፣ ተጠርጣሪው ያለመናገር መብት አለው፤ የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከዚህ የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት መንገዱ የቀናት ጉዞ እንዳልሆነ ሁሉም ይረዳል። ስለዚህ ቤተሰብ በመጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ነገር የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የጣቢያውን ስምና የመርማሪውን ስም በወረቀት መጻፍ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን 48 ሰዓቱ አለፈ ብሎ ለመከራከር መነሻ ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ሰዓቱ ካለፈ ፍርድ ቤት ቀርቦ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠ መብት ነው።

ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ፖሊስ ምርመራውን ለማጠናቀቅ የጊዜ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል። ዳኛው የሚፈቅደው ለምርመራው በእርግጥ የሚያስፈልገውን ጊዜ ብቻ ነው፤ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንዱን ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወስኖታል። በዚህ ጊዜ ተጠርጣሪው ዝም ብሎ መቆም የለበትም፤ ተደብድቦ ከሆነ ለዳኛው መናገር፣ ሕክምና መጠየቅ፣ ዋስትና መጠየቅ ይችላል። ዳኛ ፊት ያልተነገረ ድብደባ በኋላ ለማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

በአንቀጽ 21 መሠረት በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሐኪሙ፣ ከሕግ አማካሪውና ከሃይማኖት አማካሪው ጋር መገናኘት ይችላል። ወንድሞቻችን ካህናትም ሆኑ እነርሱ የሚልኳቸው የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የታሰረውን ሲጠይቁ እንግዳ ነገር እየለመኑ እንዳልሆነ ይወቁ። ጥያቄውም በትሕትና ይቅረብ፤ በር ላይ ያለው ዘበኛም የሰው ልጅ ነው።

«እመንና ተገላገል»

አሁን የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ወደሆነው እንመጣለን። ሰው በስርቆት ተጠርጥሮ ሲያዝ ሽማግሌ ይላካል፤ ዘመድ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ከቁምስናው ሰው ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ይዘው የሚሄዱት ምክር አንድ ነው፦ «እመንና ይቅር ይሉሃል፤ ካድክ ግን ይከፋብሃል»። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ከኛ ከካህናትም አፍ ሲወጣ ይሰማል። ንስሐን የምንሰብክ ሰዎች በመሆናችን «እመን» የሚለው ቃል በጆሯችን የተቀደሰ ይመስለናል።

ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በምሥጢረ ንስሐ ሰው ኃጢአቱን የሚናገረው ለእግዚአብሔር ምሕረት ነው፤ የሚናገረውም የሠራውን ብቻ ነው። በጣቢያ የሚሰጥ ቃል ግን ለቅጣት መሠረት የሚሆን ማስረጃ ነው። ያልሠራውን «ሠርቻለሁ» ያለ ሰው በራሱ ላይ በሐሰት መስክሯል፤ እንዲህ እንዲል የገፋፋውም ሰው በስምንተኛው ትእዛዝ ፊት ንጹሕ አይደለም። «ይቅር ይሉሃል» የሚለው ተስፋም ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ስርቆት በመንግሥት የሚከሰስ ወንጀል ስለሆነ፣ ባለ ንብረቱ ማረኝ ተብሎ ቢምርም ክሱ በዚያ ብቻ ይቀራል ማለት አይደለም። ሸማኔው የሁለት ነጠላ ዋጋ ከፍሎ «አምኛለሁ» ካለ በኋላ ወንጀለኛ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ ያ መዝገብ በየሥራ ደጃፉ ይከተለዋል።

ቤተክርስቲያን በዚህ ነገር የቆየ ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ866 የቡልጋርያው ንጉሥ ቦሪስ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኒቆላዎስ ቀዳማዊ ብዙ ጥያቄዎችን ልኮ ነበር። በእነርሱ አገር ሌባ ተብሎ የተጠረጠረ ሰው እስኪያምን ድረስ ይገረፍ ነበር። የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ መልስ የማያሻማ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር መለኮታዊም ሆነ ሰብአዊ ሕግ አይፈቅደውም፤ የእምነት ቃል በፈቃድ የሚሰጥ እንጂ በግድ የሚነጠቅ መሆን የለበትም፤ ሥቃዩን መሸከም አቅቶት ያልሠራውን ያመነ ሰው ቢኖርስ በደሉ በማን ላይ ይወድቃል? ሲል ጠየቀ። በኋለኞቹ መቶ ዓመታት የቤተክርስቲያን ችሎቶች ራሳቸው ይህን ትምህርት ረስተው ሥቃይን እስከ መፍቀድ ደርሰው ነበር። ትምህርተ ክርስቶሳችን በቁጥር 2298 ይህን በግልጽ ይናገራል፤ እኛም ለተማሪዎቻችን ልንደብቀው አይገባም።

የዛሬው ሕገ ቀኖና ወደ ጥንቱ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕገ ቀኖና በቁጥር 1728፣ ተከሳሽ ጥፋቱን እንዲያምን እንደማይገደድና ቃለ መሐላም እንደማይጫንበት ይደነግጋል። እንግዲህ ቤተክርስቲያን በገዛ ችሎትዋ ያልጠየቀችውን እኛ በፖሊስ ጣቢያ ምእመኑን ልንጠይቀው አንችልም።

«ዝም ማለት መዋሸት አይደለምን?» ተብሎ ይጠየቃል። አይደለም። ሐሰትን መናገርና እውነትን አለመናገር አንድ አይደሉም። ተጠርጣሪው «ጠበቃ እስካነጋግር ቃል አልሰጥም» ሲል በማንም ላይ አልዋሸም። ሕጉ የሰጠው ይህን ዝምታ ነው፤ ሌላውን በሐሰት ለመወንጀል ወይም ምስክር ለመግዛት ግን ሕግም ሃይማኖትም ፈቃድ አይሰጡም። ስለዚህ ለተያዘው ወንድማችን የምንሰጠው ምክር «እመን» ወይም «ካድ» የሚል ሳይሆን «የሠራኸውንና ያልሠራኸውን አንተ ታውቃለህ፤ ያልሠራኸውን አትቀበል፤ ሐሰትም አትናገር፤ ከጠበቃ ጋር እስክትመክር ዝም ማለት ትችላለህ» የሚል ይሁን። ተገድዶ የሰጠው ቃል ካለም በማስረጃነት ተቀባይነት እንደሌለው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ደንግጓል፤ ለጠበቃውና ለዳኛው ይናገር።

ዋስትናና ጠበቃ

በዘፍጥረቱ ታሪክ ይሁዳ ለአባቱ ስለ ብንያም ዋስ ሆኖ ነበር፤ ጽዋው በተገኘ ጊዜም በብንያም ፈንታ እኔ ልቅር አለ። ዋስትና ማለት ይህ ነው፤ ለሌላው ሰው መመለስ ራስን ማስያዝ።

በስርቆት የተጠረጠረ ሰው በመሠረቱ በዋስ የመፈታት መብት አለው። ፍርድ ቤት ሊከለክል የሚችለው በሕግ በተወሰኑ ልዩ ምክንያቶች ነው፤ ለምሳሌ ተጠርጣሪው ቀጠሮውን አያከብርም፣ ምስክር ያባብላል ወይም ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ተብሎ ሲገመት ነው። ወንጀል መፈጸሙ ወይም ተጠርጣሪው መፈጸሙ አጠራጣሪ ሲሆን ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ እንደሚችልም የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አስቀምጧል። ዋስትና ከተከለከለ ይግባኝ አለ። የገንዘቡ መጠን ከአቅም በላይ ከሆነም እንዲቀነስ ማመልከት ይቻላል።

የዋስትና ገንዘብ ቅጣት አይደለም፤ ተከሳሹ ቀጠሮውን አክብሮ እስከ መጨረሻው ከቀረበ ይመለሳል። ይህን ባለማወቅ «ከፍዬ ጨርሻለሁ» ብለው በቀጠሮ የቀሩ፣ ዋሳቸውንም ዕዳ ውስጥ የከተቱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ዘመድ የሌለው ሰው ዋስ ከየት ያገኛል? ዕድሩ፣ የሥራ ጓደኞቹ፣ ቁምስናው። ቋሚ አድራሻ እንዳለውና በአካባቢው የታወቀ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቁምስና ምክር ቤት መጻፍ ቀላል ነገር ነው፤ ለዳኛው ግን ክብደት ሊኖረው ይችላል። በደብዳቤው ላይ የምናውቀውን ብቻ እንጻፍ።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት እንደሚገባ አንቀጽ 20 ይደነግጋል፤ ይህም በተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት በኩል ይፈጸማል። ጥያቄውን ለዳኛው በቃል ማቅረብ ይቻላል። ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ የሕግ ድጋፍ በመስጠት የታወቀ ነው።

ስለ ሕፃናትና ስለ ቤት ሠራተኞች

በወንጀል ሕጉ ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው በልዩ ሥርዓት ይታያል። ከ15 እስከ 18 ያለው በወንጀል ቢጠየቅም ቅጣቱ ዕድሜውን ያገናዘበ ሊሆን ይችላል። የተያዙ ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲቀመጡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ያዝዛል። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ሲያዝ በቁምስናችን የጥምቀት መዝገብ ውስጥ የሚገኘው ዕድሜ ለመርማሪው ትልቅ እርዳታ ሊሆን ይችላልና፣ ቆሞሶች መዝገቦቻቸውን በጥንቃቄ ይያዙ።

የ17 ዓመቷን ልጅ ነገር በተመለከተ ለአሠሪዎች የምንለው አለን፤ ብዙዎቹ በእሑድ ቅዳሴያችን የሚገኙ ናቸውና። ዕቃ የጠፋበት ሰው ለፖሊስ የማመልከት ሙሉ መብት አለው። ልጅቱን በክፍል መቆለፍ፣ መታወቂያዋን መያዝ፣ የሠራችበትን ደመወዝ ማስቀረት ግን ለራስ ዳኛ መሆን ነው። ፍርድ ቤት ሳይወስን ደመወዟን ስለ ቀለበቱ ማካካሻ መያዝ፣ ቀለበቱ በኋላ ከሶፋው ሥር ቢገኝ ራሱ የቤቱን ባለቤት በሰባተኛው ትእዛዝ ተጠያቂ ያደርገዋል። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ስለ ተከለከለ የሠራተኛ ዋጋ ጩኸት የጻፈው ለሀብታሞች መሆኑን እናስታውስ።

ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሥራ የሄዱ እኅቶቻችንም ይህንኑ መከራ በባዕድ ምድር ያዩታል፤ ግፍ በዝቶባት ከቤት የወጣች ሠራተኛ ሰርቃ ጠፋች ተብላ ስትከሰስ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈረመው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 36፣ በባዕድ አገር የተያዘ ሰው የአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ለጉዞ የሚዘጋጁ ልጆች ይህን አንድ ነገር ሳያውቁ እንዳይሄዱ ወላጆችን አደራ እንላለን።

በእውነት የሰረቀ ሰው

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለሰረቀውም ሰው ነው። መብቱ በንጽሕናው ላይ የተመሠረተ አይደለምና። ነገር ግን በኅሊናው ፊት ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገብቷል፤ ቤተክርስቲያንም የተሰረቀው ንብረት እንዲመለስ ወይም እንዲካስ ታስተምራለች። ወደ ንስሐ አባቱ የመጣ ሰው ንብረቱን የሚመልስበት መንገድ ከካህኑ ጋር ይምከር፤ አንዳንዴ ስሙ ሳይገለጥ ሊመለስ ይችላል። በኑዛዜ የሰማነውን ለፖሊስም፣ ለዳኛም፣ ለባለ ንብረቱም እንዳንናገር የሚከለክለው ማኅተም ፍጹም ነው፤ ይህን ምእመናን ሁሉ ይወቁት። በፍርድ ቤት ጥፋቱን ለማመን የወሰነ ከሆነ ከጠበቃው ጋር ተማክሮ፣ በዳኛ ፊት፣ የሠራውን ያህል ብቻ ይመን። ንብረቱን መመለሱና መጸጸቱ ቅጣቱ ሲወሰን ሊታሰብለት ይችላል።

ከሳሹም ዕዳ አለበት። የጠረጠረውን ለፖሊስ ሲናገር መብቱን ተጠቅሟል፤ ለጎረቤት ሁሉ «እርሷ ሌባ ናት» ብሎ ሲነዛ ግን የሰው ስም ወስዷል። ቀለበቱ የተገኘ ዕለት ያንኑ ጎረቤት ሁሉ ዞሮ ማረም ግዴታው ነው፤ ስም ያጠፋ ሰው ስሙን የመመለስ ግዴታ እንዳለበት ትምህርተ ክርስቶሳችን በቁጥር 2487 ያስተምራልና። በሕግም ቢሆን በስም ማጥፋት መጠየቅ አለ።

ይህን ትምህርት በቡድን የሚያስጠኑ መምህራን በሚከተሉት ጥያቄዎች ሊወያዩ ይችላሉ። በዘፍጥረት 44 የብንያም ወንድሞች ጽዋው ሳይፈለግ የሰጡት ፍርድ ምን ስሕተት ነበረበት? በዳንኤል 13 ነቢዩ ሁለቱን ምስክሮች ለያይቶ መጠየቁ ሶስናን እንዴት አዳናት? በእኛ ሰፈር ባለፈው ዓመት ሌባ ተብሎ የተያዘ፣ በኋላም በነጻ የተለቀቀ ሰው አለን? ካለ፣ ዛሬ በቅዳሴ ጊዜ አጠገቡ የሚቀመጠው ማን ነው?